የበዓል ተቅማጥ ነው ያሏቸው ቡችሎች

ጡረታ የሚወጣ ሰው ሽበት አለው፣ ጋቢ ይለብሳል፣ ሽኝት ይደረግለታል። እኔ ሽበትም ጋቢም የለኝም። ሥራዬን የለቀቅሁት ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው፤ አሁን ቆቦ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ቢሆንም የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ሽማግሌ ብቻ ነው የሚል ሕግ የትም አላየሁም። ደግሞ ሰዉም አላስቀመጠኝም። መናኸሪያው በር ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ አንዱ ይመጣና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ፍሬ፣ ቡችላዬን ሆዱን አመመው፤ ምን ልስጠው?» ይለኛል። ጮክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውሻ ማሳከም እኛ ጋ እስካሁን ያሳፍራል።

ያኔማ ብሶ ነበር። ፍየል ያመመው ሰው የእንስሳት ማከሚያችንን በር በርግዶ ነው የሚገባው። ውሻ ያመመው ግን ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ፣ አፉን ጨብጦ፣ ደንበኛው እስኪበተን መንገድ ማዶ ይቆማል። አንዴ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ማዳበሪያውን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ፣ «ግልገል ናት» አለን። ማዳበሪያው ጮኸ። የግልገል ጩኸት አልነበረም። ጋሽ አያሌው ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «ይቺ ግልገልዎ ሌባ ይዛ ታውቃለች?» አሉት።

ጋሽ አያሌው አለቃዬ ነበሩ፤ ሌላ አለቃ ኖሮኝ አያውቅም። ዕድሜያቸውን በእንስሳት ጤና ሥራ ከቆላ ቆላ ሲዞሩ ኖረው፣ ከመንግሥት ሥራ ሲወጡ ቆቦ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው መድኃኒት ቤትና ማከሚያ ከፈቱ። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ፣ ቤት ውስጥ እናቴን ሳነጫንጭ ነበር። ለጠራጊነት ያስቀጠረችኝ ራሷ ናት። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል፤ ቶሎ ያልቅ ነበር፣ ወሬውም ቶሎ ያልቃል። ጥቂት ወራት ቆይታ ከመጥረጊያው ሌላ ምን እንደምይዝ ስትሰማ ግን ቤቱ ተናወጠ።

«ለውሻ ቂጥ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ?»

«ውሻ ቢያንስ አመስግኖ ጭራውን ይቆላል» አልኳት። ጫማዋን አወለቀች። እኔም ሮጥኩ።

የጋሽ አያሌውን አመል ልንገራችሁ። የታመመ ቡችላን አንቱ ይላሉ። ክንድ የማይሞላ፣ ዓይኑ የጨፈገገ ቡችላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «እስቲ ጭራዎን ከፍ ያድርጉልኝ፤ ይቅርታ፣ እጄ ቀዝቃዛ ነው» ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን ከመደርደሪያው ኋላ ተደብቄ እስቅ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ አንቱ የሚባል ቡችላ ጆሮውን ይዞ የሚያንጠለጥለው የለም። ባለቤቱ ራሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቡችላው ድኖ ጫማ መብላት ሲጀምር ግን አክብሮቱ ያበቃል፤ «ሂድ ከዚህ፣ አንተ ሌባ!» ብለው ያባርሩታል።

ሌላው አመላቸው ከመድኃኒቱ በፊት ያለው ነው። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን በአውራ ጣት ይጫኑና ይለቁታል፤ የነጣው ቦታ ቶሎ ካልቀላ ውሃው ከሰውነቱ አልቋል ማለት ነው። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠው ይለቃሉ። ከዚያ ቁራጭ ሥጋ አፍንጫው ሥር ያስቀምጣሉ። ከዚያ ያሸታሉ፤ አዎ፣ ያሸታሉ። አንጀቱን ቫይረስ የያዘው ቡችላ ተቅማጡ ደም የተቀላቀለበት ሲሆን ሽታው ሌላ ነው፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። እኔ አሁንም ጉንፋን ይዞኝ እንኳ እለየዋለሁ። ለትዳር የሚጠቅም ችሎታ አይደለም።

ግን ሽታ ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህም ነው መመርመሪያዎቹ የሚያስፈልጉን። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ አንዳንዴ በሰው እጅ ይመጡልን ነበር። ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ ናት፤ የእርግዝና መመርመሪያ ትመስላለች። ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን እንጨት የቡችላው መቀመጫ ውስጥ ቀስ ብሎ አስገብቶ ማዞር፣ አብሮ በሚመጣው ፈሳሽ ማማሰል፣ ጥቂት ጠብታ የፕላስቲኳ ጉድጓድ ላይ ማንጠብጠብ፣ ከዚያ መጠበቅ። አንድ መስመር ከወጣ ቫይረሱ አልተገኘም። ሁለት ከወጣ አለ። ምንም ካልወጣ የሞተችው መመርመሪያዋ ራሷ ናት። በቆቦ ሙቀት ቶሎ ይሞቱብን ስለነበር ካርቶኑን ከውሃ ጋኑ ጎን፣ እርጥብ አሸዋ ላይ እናስቀምጠዋለን። ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ጋኑ የሚጠጋ ደንበኛ ሁሉ ጩኸቴን ይቀምሳል።

ዋናው ጣጣችን ፋሲካ ነበር።

በዐቢይ ጾም ቤቱ ሲጾም ውሻውም ይጾማል። ሹሮ የነካው እንጀራ ካገኘ ተመስገን ነው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ በየጓሮው ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ አጥንቱ ይወረወርለታል። በማግሥቱ የቆቦ ውሻ ሁሉ ያስቀምጠዋል። ሰዉም «የበዓል ተቅማጥ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የበዓል ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ሥጋ ብታሳየው እየተቅማጠም ቢሆን ይበላል። ቫይረስ የያዘው ፊቱን ያዞራል። ችግሩ በሽታው ገና ሲጀምር ሁለቱ ተደበላልቀው መምጣታቸው ነው። ሌላ ችግርም ነበረ፤ እሱን ግን ያወቅነው ተሸንፈን ነው።

አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ አቶ ደሳለኝ ልበላቸው። ዘበኛ ውሻቸው የወለደቻቸው ቡችሎች ለሰው ሊታደሉ የተቃረቡ ነበሩ። ፋሲካው እንዳለፈ በጣም የደከመውን በካርቶን ይዘው መጡ። ጋሽ አያሌው እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ፣ «መቼ ጀመረው?» አሉ።

«ትናንት። የበጉን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ በልቶ ነው፤ ሌባ ነው።»

መረመርነው። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ሌላ ጨምረን ልንሞክር ብንል ካርቶኑ ሊያልቅ ነበር፤ ባለቤቱም ትናንት ብለዋል። ትናንት የጀመረው ቫይረስ ቢሆን ኖሮ መመርመሪያው ላይ መውጣት ነበረበት። ጋሽ አያሌው ድዱን ደጋግመው ተጫኑ፤ አልጣማቸውም። ግን የበዓል ነው ብለው ሸኟቸው። ያ ቡችላ በማግሥቱ ሞተ። አቶ ደሳለኝም የቀሩት ሳይታመሙ ብለው በችኮላ አደሏቸው። አንዱ ቡችላ በገባበት ግቢ የነበሩት ሌሎች ቡችሎችም ታመሙ። አንዱ ሌላ ከተማ፣ ሮቢት ድረስ ሄዶ ነበር። አብዛኞቹ አልተረፉም።

የነጋዴው ባለቤት ናቸው እውነቱን ያወጡት። ቡችላው የጀመረው በሰሙነ ሕማማት፣ ገና በሳምንቱ መጀመሪያ ነበር። ለምን አልነገሩንም ስላቸው እንደ ሞኝ አዩኝ። «ልጄ፣ በሕማማት ውሻችን አስቀመጠው ብለን እናውራ? እዚያ ቤት ሥጋ ተበላ ሊባል?»

በቃ፤ ነገሩ ይኼ ነበር። ቫይረሱ ሰገራው ላይ የሚበዛው ተቅማጡ እንደ ጀመረ ነው፤ ከቆየ በኋላ መመርመሪያው ሊያጣው ይችላል። እኛ አዲስ ሕመም መስሎን አሮጌውን መርምረናል። አገሩ በሙሉ ደግሞ በጾም የጀመረን ተቅማጥ ከፋሲካ በኋላ ጀመረ ይላል። የትኛውም መጽሐፍ ላይ ይኼ አልተጻፈም።

ጋሽ አያሌው አልተሟገቱም። ኬሚካል መርጫውን በበረኪና ሞልተው አዘሉና ቡችሎቹ የገቡበትን ግቢ አንድ በአንድ ዞርን። ይኼ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ከበረኪና ሌላ ብዙ ነገር አያሸንፈውም። በየበሩ ላይ፣ «የበዓል ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አይደለም» ይላሉ። ሮቢት ላይ አንዲት ሴትዮ ባዶውን ገመድ አሳየችን። በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ ሁለታችንም በረኪና በረኪና እንሸት ነበር፤ ሰው ሁሉ መስኮት ከፈተ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ከፋሲካ ማግሥት፣ ከዋጃ ስልክ ተደወለ። እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከደቡብ ትግራይ የመጣ ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ውሻቸው አምስት ወልዳለች። አራቱ ለጎረቤት ገበሬዎች ቃል የተገባላቸው ናቸው፤ አምስተኛዋን ለራሳቸው አስቀርተዋል። የሚታደሉበት ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ነው። እኛ ጋ ካርቶኑ ውስጥ የቀረችው አንዲት መመርመሪያ ብቻ ነበረች። ጨርቅ አርሰን ጠቀለልናትና ተሳፈርን፤ እንደ ሕፃን ታቅፌያት ሄድኩ።

ስንደርስ ከቡችላ ተቀባዮቹ አንዱ፣ ሞላ የሚባል ድምፀ ጎላ ወንደላጤ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ጃርት ማሳውን እየቆፈረ ፈጅቶበታል፤ ቡችላውን ዛሬውኑ ካልወሰድኩ ይላል። ጋሽ አያሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እናትየዋን ውሻ፣ «እንኳን አደረሰዎ» አሏት።

«ሰውዬው ጤነኛ ናቸው?» አለኝ ሞላ።

«ከአንተ ይሻላሉ» አልኩት። እትዬ ለተብርሃንን፣ «መቼ ጀመራቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሑድ፣ ከበዓሉ በኋላ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ጎረቤት የጣለውን የበግ አንጀት በልተው ነው።»

«አላልኩም? የበዓል ነው!» አለ ሞላ።

እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልም። «እትዬ» አልኩ፣ «ሥጋ ማን በላ ብዬ አልጠየቅሁም። ይኼ በሽታ ሥጋ አይፈልግም። ሳይገድፉ የጾሙበት ቤትም ይገባል። ቄሱ ቤትም ይገባል።»

ቀና አሉ። «በእውነት?»

«በጋሽ አያሌው ሞት!»

«በራስሽ ማይ» አሉ ጋሽ አያሌው ከድንጋዩ ላይ።

እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ትንሹ የጀመረው ጸሎተ ሐሙስ ነው። ስግደት ልሄድ ስነሳ አየሁት። ሰው ቢሰማ ለተብርሃን በሕማማት በላች ይላል። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ ማን ይመሰክርልኛል?» ከማሽላ አገዳው ክምር ኋላ ሄደው ትንሹን ቡችላ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡት። እዚያ ደብቀው፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ውሃ ሲያጠጡት ነበር የከረሙት።

ምስኪኑ ቆዳው ብቻ ነበር። አሮጌው ሕመም እሱ ላይ ነው፤ የአቶ ደሳለኝ ቡችላ ትዝ አለኝ። «ዛሬ የጀመረውስ የቱ ነው?» አልኩ። አሁን ሳያመነቱ ጥቁሩን ጠቆሙኝ። የቀረችንን አንዲት መመርመሪያ ለጥቁሩ አዋልናት። ጋሽ አያሌው ያዙት፣ «ጥቂት ይታገሱን» አሉት፣ እኔ ጥጡን አዞርኩ። ጠብታው ፕላስቲኳ ላይ ሲሳብ አራታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ፊት አንድ መስመር፤ ቆየት ብሎ ከጎኑ ሁለተኛው ቀላ።

«እርጉዝ ነው እንዳትይኝ» አለ ሞላ፤ «ወንድ ነው እኮ!»

መሳቅ አልነበረብኝም፤ ሳቅሁ። ከዚያ ግን፣ «አንድም ቡችላ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አልኩ።

ሞላ ጮኸ። «አንቺ ማን ነሽና? ማሳዬ አልቋል! ቃል ገብታልኛለች!»

እትዬ ለተብርሃን መሐል ቆመው ዓይናቸው ከእሱ ወደ እኔ ይንከራተታል። በዚያ አገር ቡችላ በገንዘብ አይሸጥም፤ በቃል ነው የሚሰጠው። ቡችሎቹን ቢሰጡ በሽታውን ለአራት ግቢ ማደላቸው ነው። ቢከለክሉ ቃላቸውን መብላታቸው ነው፤ ምክንያቱን ቢናገሩ ደግሞ ያ ሐሙስ ሊወጣባቸው ነው።

«ያንተ የቱ ነው?» አልኩት ሞላን።

ትንሹን፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን አሳየኝ። እሱን የመረጠው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ነው አሉ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር ስላለው።

«ያንተ ከሆነ አስታመዋ! እዚሁ ቁጭ በል!» አልኩት። ለስድብ ነበር ያልኩት። እሱ ግን ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ፣ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። «ምን ላድርግ ታዲያ?» አለ።

ጋሽ አያሌው ያን ጊዜ ነው የተነሱት። ለሚያስመልሳቸው ከቆዳቸው ሥር ሳላይን የሚባለውን የጨው ውሃ ሰጡ፤ በአንጀታቸው በኩል ሌላ ጀርም እንዳይገባ መድኃኒት ወጉ። ለቫይረሱ ራሱ መድኃኒት የለውም፤ ሥራው ቡችላው ራሱ እስኪያሸንፈው ውሃ እንዳያልቅበት መያዝ ነው። ሞላን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ጠብ ጠብ ማድረግ አስተማሩት። ሌሎቹም ተቀባዮች ተጠሩ። እያጉረመረሙ መጡ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቡችላ ተረከበና ተቀመጠ። በሩ ላይ በረኪና በሳፋ አኖርኩ፤ የሚወጣ ሁሉ እግሩን ነክሮ ነው የሚወጣው። የአንዱ ጥቁር ሱሪ ነጭ ነጠብጣብ አወጣ፤ «ጅግራ» የሚል ስም ወጣለት፤ እስካሁንም ስሙ ነው።

በዚያ ሰሞን እኔ ከቆቦ ዋጃ ተመላለስኩ። ያን ያህል የሳቅሁበት ሳምንት በሥራ ዘመኔ የለም። ሰው ረግጦት የማያውቅ ግቢ ውስጥ ትልልቅ ገበሬዎች ቡችላ ታቅፈው፣ «ያንተ ዛሬ ወጣ አለ? እስቲ አሳየኝ፤ ይኼማ ወፍሯል!» እየተባባሉ ሰገራ ያወዳድራሉ። እትዬ ለተብርሃን የሚበሉትን ሲያቀርቡ፣ ሲቆጡ፣ ሲመርቁ ድምፃቸው ከመንገዱ ይሰማል።

የሞላ ትንሹ ግን አልቻለም። ረፋዱ ላይ እቅፉ ውስጥ እንዳለ ጸጥ አለ። ሞላ ለብዙ ሰዓት ከእቅፉ አላወረደውም። ዓይኑን ሲጠርግ እንዳየሁት ሲያውቅ፣ «ምን ታዪኛለሽ? የዋጃ አቧራ ነው» አለኝ። እትዬ ለተብርሃን ለራሳቸው ያስቀሯትን አምስተኛዋን አንስተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። «ቃሌን አልበላም» አሉ።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ጥቁሩ ቡችላ ተነስቶ የጋሽ አያሌውን ጫማ ማሰሪያ ይዞ መጎተት ጀመረ። ጋሽ አያሌው ቁልቁል አዩትና፣ «አንተ ሌባ! ልቀቅ!» አሉት። አመላቸውን ሁሉም ለምዶት ነበር፤ ግቢው በእልልታ ተናጋ። እልልታውን ሰምተው ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ሲንጠላጠሉ እትዬ ለተብርሃን መሐል ወጥተው፣ «ጸሎተ ሐሙስ ነው የጀመራቸው! ሰማችሁ? ሐሙስ! ሥጋ አይፈልግም በሽታው!» ብለው ጮኹ። አንዲት ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ፣ «የኛም እኮ ያኔ ነው…» አለች። ቡችላዋን በዚያው ዕለት አየነው።

ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ቀን የሚነግረን ሰው በዛ። እንደ በፊቱ የሚደብቅም አለ፤ እኔ ግን ከበር ጀምሬ «ሥጋ አይፈልግም!» እያልኩ ስለምገባ ብዙም አልተቸገርኩም።

ጋሽ አያሌው ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ መስመሮቹን የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። በመጨረሻ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሄዱ። ክፍሉን የተረከበው ወጣት ዶክተር ማቀዝቀዣ አምጥቷል፤ ጎበዝ ነው፣ እንድቆይም ለምኖኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ መሥራት ከጋሽ አያሌው ጋር ብቻ ነው የሆነልኝ። ቁጠባዬን አሰባስቤ፣ ወንድሜን አስጨምሬ፣ ባጃጅ ያዝኩ። እናቴ አሁን ደግሞ፣ «ከውሻው ይሻል ነበር» ትላለች።

ዘንድሮ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ጎልማሳ ከዋጃ ሚኒባስ ወርዶ ባጃጄ ላይ ወጣ። ክዳን ያለው ቅርጫት ታቅፏል። ገና ከመነሳታችን ማጉረምረም ጀመረ።

«አንዲት እብድ ሴትዮ አለች እዚያ! ቡችላ ቃል ገብታልኝ ብሄድ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ሳምንት ሙሉ ግቢዋ ካልተመላለስክ አልሰጥም አለች። ሲበላ እይ፣ ሲወጣው እይ! በሩ ላይ ደግሞ አንድ ሞላ የሚባል ጯሂ ቆሞ እግርህን በበረኪና ካልነከርክ ይለኛል። ጫማዬን እዪው!»

መስተዋቱ ውስጥ ጫማውን አየሁት። ነጭ በነጭ ሆኗል።

«ሴትዮዋ ደህና ናቸው?» አልኩት።

«ምን ትሆናለች? ግቢው ሰው በሰው ነው፤ እዚያ ማን ያሰማሻል!»

ያን ጊዜ ከቅርጫቱ ውስጥ መቧጠጥ ተሰማ፤ ክዳኑ ተነሳ፤ ጥቁር ቡችላ ዘሎ ወጣና አዲሱን የወንበር ልብሴን ዞር ዞር ብሎ አሽትቶ ተጸዳዳበት። ሰውዬው ጮኸ። ባጃጁን ዳር አስያዝኩና ዞሬ አየሁ። ጎንበስ ብዬም አሸተትኩ።

«ይቅርታ እህቴ፣ እከፍልሻለሁ፣ አጥበዋለሁ…»

«ተወው» አልኩት። ሰገራውን በጨርቅ አነሳሁት። ደረቅ ነበር፤ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ጨርቁ ላይ እንኳ ምልክት ያልተወ። በሕይወቴ ያን የመሰለ ቆንጆ ነገር ብዙ አላየሁም። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ሲያየኝ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ እስቅ ነበር። ሒሳብም አልተቀበልኩትም።